አርባ ስድስት ሰንቲ ሜትር

ሰኔ 3

ይህ ደብተር የባለቤቴ ነበር። የመጀመሪያዎቹ አራት ገጾች በእሷ እጅ የተጻፈ የሹራብ አሠራር ናቸው፤ ሁለት ወደ ውስጥ፣ አንድ ወደ ውጭ፣ መደዳውን ድገም። ልገነጥላቸው አስቤ እጄ እምቢ አለኝ። እኔ ከአምስተኛው ገጽ ጀምሬያለሁ።

የእኔ ሥራ ቁጥር መጻፍ ነው፣ ወሬ መጻፍ አላውቅበትም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በየማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ሐይቁ ዳር እወርዳለሁ። ውሃው ውስጥ የቆመውን ባለ ቁጥር እንጨት አነባለሁ፣ መዝገብ ላይ አሰፍራለሁ። አንድ ሰዓት ላይ ዳቦ ቤቱ ግድግዳ ላይ ባለው ሰሌዳ በጠመኔ እጽፋለሁ። ሁለት ሰዓት ላይ ለውሃ ቢሮ እደውላለሁ። እንጨቱ ላይ ሦስት ሜትር ጋ ቀይ ቀለም አለ። ውሃው ቀዩን ከነካ ከጉብታው ሥር ያለ ሰው ሁሉ ቤቱን ለቆ ይወጣል።

ጉብታው ሐይቁን የያዘው ነው። ሰው የሠራው አይደለም፤ ማንም ሳይወለድ ተራራው ተንዶ የሸለቆውን አፍ የዘጋበት የአፈርና የድንጋይ ክምር ነው። ከሥሩ ምንጭ ይወጣል። ምንጩ አጠገብ ሰባት ቤት አለ፣ አንዱ የእህቴ ነው።

ሰዉ ስሜን ትቶ ሰንቲ ይለኛል። ሰንቲ ሜትር ለማለት ነው። ደስ ይለኝ ነበር።

ዛሬ 0.97።

ሰኔ 5

ጭጋግ። ማዶውን ገደል ማየት አልተቻለም። ዳክዬዎቹ ድምፃቸው ብቻ ይሰማል። 1.02። ዝናቡ ዘንድሮ ቸኩሏል።

ሰኔ 9

1.13።

እህቴ ጋ ወረድኩ። ልብስ አጣቢ ናት፤ የሆቴሎችን አንሶላ በምንጩ ውሃ ታጥባለች፣ ባሏ በጋሪ ያመላልሳል። ዛሬ ስትነጫነጭ አገኘኋት።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንጭ ምን ሆኗል? ከበጋው ጀምሮ ቀጥኗል። አንድ ባልዲ ለመሙላት ቆሜ አረጃለሁ።»

«በጋ ሲሆን ይቀጥናል» አልኳት።

«ሰኔ ነው እኮ።»

ስመለስ ጎረቤቷ ጫማ ሰፊው ደጁ ላይ ተቀምጦ ሶል ይለጥፋል። ከእኔ በስምንት ዓመት ይበልጣል፣ አንድ እግሩ አይታጠፍም፣ አፉ ግን እንደ ወጣት ነው። «ሰንቲ» አለኝ፣ «ሚስትህ ከሞተች ወዲህ ጫማህን የሚያይልህ የለም ማለት ነው? አውልቀው።» እየሳቀ ተረከዙን መታልኝ። ሲጨርስ፣ «ዛሬ ስንት ነው?» አለ። ነገርኩት። «በቃ፣ አንተ ካልክ አለ ነው።»

የምንጩ ነገር ሆዴ ውስጥ ቀረ። ሐይቁ በየበጋው በምንጩ በኩል ይወርዳል። ምንጩ ከቀጠነ ሐይቁ አልወረደም ማለት ነው። ዘንድሮ ግን መዝገቡ ላይ ወርዷል። ነገ አስብበታለሁ።

ሰኔ 14

ዛሬ 1.31። ማሰብ ካልቀረልኝ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

መጋቢት ላይ ባለቤቴ ታማ ወደ ከተማ ሆስፒታል ወሰድኳት። አሥራ አንድ ቀን ከአልጋዋ አጠገብ አልራቅሁም። በአሥራ አንደኛው ቀን ሞተች። ፈቃድ አልጠየቅሁም ነበር። ብጠይቅ ይሰጡኝ ነበር፤ ምትክ ሰው ይልኩ ነበር። እኔ ግን ሃያ ሁለት ዓመት አንድም ባዶ ቦታ የሌለበት መዝገብ አለኝ። በየስብሰባው «እንደ ሰንቲ ሁኑ» ይባላል። ከሆስፒታሉ ኮሪደር ሆኜ በየማለዳው እየደወልኩ ቁጥር ነገርኳቸው። ሐይቁ በዚያ ወር በቀን አራት ሰንቲ ይወርዳል፤ አንዳንድ ቀን አምስት። በልቤ አውቀዋለሁ። ከ1.40 ጀምሬ 0.94 አደረስኩት።

ቀብረናት ስመለስ እንጨቱ ተጋድሞ ጠበቀኝ። ከብት ታክኮበት ይሆናል። ደንቡ ግልጽ ነው፤ እንጨት ከወደቀ አትንካ፣ ቀያሹን ጥራ። ቀያሹ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው ሐይቁ ዳር ባለው ትልቅ ድንጋይ ላይ የተቀረጸውን መስመር ነው፣ እሱ ሁለት ሜትር ነው። ከዚያ ወደ ውሃው ለክቶ ከመዝገቤ ጋር ያስተያያል።

አልጠራሁም። ጉድጓድ ቆፈርኩና እንጨቱን ራሴ ተከልኩት። ውሃው ስንት ላይ ይንካ? እኔ 0.94 ብዬ ነበር። 0.94 ላይ እስኪነካ ወደ ላይ ሳብኩት፣ ድንጋይ ጠቀጠቅኩበት፣ ሄድኩ።

ከድንጋዩ መስመር ወደ ውሃው ሜትር ብዘረጋ አሥር ደቂቃ አይፈጅም ነበር። የለቅሶ ልብስ ለብሼ ነበር፤ ጫማዬ እንዳይበላሽ አውልቄ ዳር ላይ አስቀምጬ ነበር። ይህን ሁሉ አስታውሳለሁ። ሜትሩ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ሰኔ 17

በረዶ ጣለ። ሐይቁ ነጭ ሆኖ ፈላ። ማዶ ካለው ገደል ፏፏቴ በአምስት ቦታ ወረደ፣ ትናንት አንድ ነበር። 1.42።

ሰኔ 20

ውሃው ድንጋዩ ላይ ያለውን መስመር ነካ።

እንጨቱ 1.54 ይላል።

ጣቴን መስመሩ ላይ አድርጌ ቆየሁ። ውሃው ጣቴን ያረጥባል። ድንጋይ አይዋሽም፤ ሁለት ሜትር ነው። አርባ ስድስት ሰንቲ። እኔ የፈጠርኩት ቁልቁለት በሙሉ ውሸት ነበር ማለት ነው፣ አንዲት ሰንቲ እንኳ አልወረደም ነበር። ቀዩ ቀለም አሁን ያለው ሦስት ሜትር ከአርባ ስድስት ላይ ነው።

ሄጄ ሰሌዳው ላይ 1.54 ጻፍኩ። ሁለት ሰዓት ላይ ደወልኩ። ጸሐፊዋ «ደህና አደሩ ጋሽ ሰንቲ፣ ስንት ልበል?» አለች። አንድ ከሃምሳ አራት አልኳት።

ሰኔ 21

ሲመሽ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። እውነቱን በአንድ ጊዜ ብነግራቸው ሐይቁ በአንድ ቀን ግማሽ ሜትር ዘለለ ይባላል፤ ቀያሹ ይመጣል፣ መጋቢት ይከፈታል። ሆስፒታሉ ይከፈታል። ሚስቱ እየሞተች ቁጥር ሲፈጥር ነበር ይሉኛል። በእሷ ሞት መሃል ገብተው እንዲፈትሹ አልፈልግም።

ግን በቀን ሁለት ሁለት ሰንቲ ብጨምርስ? በክረምት ስድስት የወጣ ሐይቅ ስምንት ቢወጣ ማን ያስተውላል? በሃያ ሦስት ቀን እውነቱ ላይ እደርሳለሁ፣ መዝገቡም እንጨቱም ይታረቃሉ። እንጨቱን በኋላ ቀስ ብዬ አወርደዋለሁ። አምስት አምስት ብጨምር ጸሐፊዋ ትጠይቃለች። ሁለት ጥሩ ነው።

ከወራት በኋላ ዛሬ እንቅልፍ ይወስደኝ ይሆናል።

ሰኔ 22

እንጨቱ 1.64። የጻፍኩት 1.66። ቀሪ 44።

ሰኔ 26

እንጨቱ 1.89። የጻፍኩት 1.99። ቀሪ 36።

ዝናቡ አልቆመም። ዳር ላይ ያለው ሸምበቆ ጫፉ ብቻ ቀርቷል። ዳክዬዎቹ ጎጇቸው ሰጥሞ ጀልባ ማሰሪያው ላይ ተኮልኩለዋል፤ ስቀርብ እንኳ አይነሡም። በቀን ስድስት፣ ሰባት ይወጣል። እኔ የምሮጠው ከውሃው ጋር ነው፣ እሱም አያርፍም።

ሰኔ 27

ባለቤቴን በሕልሜ አየኋት። ሹራብ ትሠራለች። «ስንት ደረሰ?» አለችኝ። ሐይቁን ይሁን ሹራቡን አላወቅሁም።

ሰኔ 30

የጻፍኩት 2.32፣ እውነቱ 2.60። ቀሪ 28።

እህቴ ዳቦ ቤት ድረስ ወጥታ ያዘችኝ። እጇ ላይ አንድ አንሶላ አለ፣ ጠርዙ ቡናማ ሆኗል።

«እየው። ሦስት ጊዜ አጥቤዋለሁ። ምንጩ መጉረፍ ጀምሯል፣ ግን ጭቃ ይዞ ነው የሚወጣው። ሆቴሎቹ መለሱብኝ።»

«ክረምት ነው፣ ጎርፍ ይገባበታል።»

«ጎርፉ ከላይ ነው የሚመጣው። ይሄ ከጉብታው ውስጥ ነው የሚወጣው። ጋሼ፣ አንተ የውሃ ሰው ነህ፤ ከውስጥ ጭቃ ሲወጣ ምን ማለት ነው?»

ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ውሃው ጉብታውን ከውስጥ እየበላው ነው ማለት ነው። በሥልጠና አስተምረውናል፣ ጎበዝ ተማሪ ነበርኩ።

«ለቢሮ እነግራለሁ» አልኳት። ሰሌዳውን አየች። «ሁለት ከሠላሳ ሁለት፤ ገና ነው» አለች፣ ለራሷ፣ ልቧን ለማሳረፍ። በእኔ ቁጥር ልቧ አረፈ። ወደ ቤት ስመለስ መንገዱ ዳር ተቀምጬ አለቀስኩ። ሰው አላየኝም።

ሐምሌ 1

ለቢሮ ስለ ጭቃው ነገርኩ። ጸሐፊዋ መሐንዲሱን ጠይቃ መለሰችልኝ። «ልኩ ከሁለት ሜትር ከሰባ በላይ ሲሆን እንልካለን ብለዋል። አሁን ስንት ነው?»

ሁለት ከአርባ አልኳት። እውነቱ 2.66 ነበር።

እንዴት ያለ ሰው ነኝ እኔ። አፌ እኔን ሳይጠይቅ ይዋሻል።

ሐምሌ 3

የጻፍኩት 2.58። ቀሪ 22። አሥራ አንድ ቀን ብቻ።

አንዳንዴ ይህን ሁሉ የማደርገው ለእሷ መታሰቢያ ነው እላለሁ። ከዚያ ደግሞ እሷ በሕይወቷ አንድ ጊዜ እንኳ ለሰው ያልታጠበ ብርጭቆ አላቀረበችም እላለሁ። በእሷ ስም አላመካኝ። ለስሜ ነው። ሰንቲ የሚለውን ነው ማጣት ያቃተኝ።

ሐምሌ 4

መሐንዲሱ ነገ ይመጣል አሉ። ዛሬ 2.66 ነግሬያቸዋለሁ፣ ነገ ከሰባ ያልፋል። ይምጣና ይየኝ። ይምጣና ያብቃ።

ሐምሌ 5

አልመጣም። መንገድ ተንዷል አሉ።

ሐምሌ 6

የጻፍኩት 2.83። ከድንጋዩ መስመር ወደ ላይ ለካሁ፤ እውነቱ 2.99። ቀሪ 16።

ከሰዓት በኋላ እህቴ ጋ ወረድኩ። ልጆቿ ባልዲ ውስጥ ወረቀት ያንሳፍፋሉ። ውሃው የሸክላ ቀለም አለው። ባሏ ጋሪውን ይጠግናል። እሷን ለብቻዋ ወደ ማስጫ ገመዱ ጠርቼ ሁሉንም ነገርኳት። ሆስፒታሉን፣ እንጨቱን፣ ድንጋዩን፣ ሁለት ሁለት ሰንቲውን። እርጥብ አንሶላ በመሃላችን ተሰቅሎ ነበር፣ ፊቷን ሙሉ አላየሁትም።

«ስለዚህ ቀዩ ላይ ደርሷል» አለች።

«ነገ ይደርሳል።»

«ለሌሎቹስ?»

«ነገ ጠዋት ለቢሮ እውነቱን እናገራለሁ። የማስጠንቀቂያው ደወል ይደወላል፣ ሁሉም ይወጣል። አንቺ ግን ዛሬ ልጆቹን ይዘሽ ውጪ።»

«ነገ» አለች። አንሶላውን ከገመዱ አውርዳ ማጠፍ ጀመረች፤ እጇ ግን አላጠፈውም፣ ጨመደደው።

በየቤቱ ዞራ አንኳኳች። የእኔን ነገር አላወጣችም። ምንጩ ጭቃ ይዟል፣ አልወደድኩትም፣ ዛሬን ወደ ላይ ወጥተን እንደር ብቻ ነው ያለቻቸው። የራሷን ጨምሮ ስድስቱ ቤት እሷን አምኖ ወጣ፤ ዳቦ ቤቱ ዱቄት ማስቀመጫ ውስጥ ተጠጋግተው ሊያድሩ ነው። ጫማ ሰፊው ብቻ ሳቀባት። «ሰንቲ ሁለት ከሰማንያ ሦስት ብሏል። የሰው ጫማ ሜዳ ላይ ጥዬ ለአንቺ አንሶላ ብዬ ልሰደድ?» ዳቦ ጋጋሪዋ የገዛ ልጁ ናት፣ እሷም ለመነችው። አልሰማትም።

ነገ። ዛሬ ልደውል እችላለሁ፣ ቢሮው ተዘግቷል እንጂ። የዘበኛው ስልክ አለኝ። ነገ ጠዋት ይሻላል፤ ጸሐፊዋ ትገኛለች፣ በደንብ አስረዳለሁ።

ሐምሌ 7

የለም። ጉብታው የለም።

ሐምሌ 9

እንዲህ ነው የሆነው።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ለካሁ። እንጨቱ 2.58፣ እውነቱ 3.04። መዝገቡ ላይ ምን እንደምጽፍ ተወዛገብኩና ስሌቱን ጻፍኩ፣ 2.90። ስደውል አስተካክለዋለሁ ብዬ። አንድ ሰዓት ላይ ሰሌዳው ላይ 2.90 ጻፍኩ። ጫማ ሰፊው ለዳቦ ወጥቶ አጠገቤ ቆመ። ምን እንደተባባልን አላስታውስም። ዳቦውን በብብቱ ይዞ እያነከሰ ወረደ።

ሁለት ሰዓት ላይ ደወልኩ። ልናገር ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ያጠናሁት ነበር፤ «ልጄ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው» ብዬ እጀምራለሁ። እሷ ቀደመችኝ። «ጋሽ ሰንቲ፣ እዚህ ሁላችንም ተጨንቀን እርስዎን ነው የምንጠብቀው። ስንት ልበል?»

ሁለት ሜትር ከዘጠና አልኳት።

«ተመስገን» አለች፣ «ገና አሥር አለን ማለት ነው።» ለሌሎቹ ስትነግራቸው ሰማሁ።

ስልኩን ከዘጋሁ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። መጀመሪያ ድምፅ አልነበረም። ጉብታው መሃሉ ላይ ጎበጥ ብሎ ተቀመጠ፣ ሰው ሲደክመው እንደሚቀመጥ። ከዚያ ሄደ። ሐይቁ በዚያ አፍ ገብቶ ሲወጣ ዐይኔ እያየ ነው። ሰባቱ ቤት የነበረበት ጋ አሁን ድንጋይ ብቻ ነው።

ጫማ ሰፊውን በማግሥቱ ከታች አገኙት።

አሥራ አራት ቀርቶኝ ነበር።

ሐምሌ 12

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወረድኩ፣ እግሬ ለምዶ። ሐይቁ የነበረበት ጭቃ ነው፤ መሃሉ ላይ ኩሬ ቀርቷል። ዓሦች ይሸታሉ። ዳክዬዎቹ ጭቃው ላይ ይራመዳሉ፣ መራመድ አያውቁበትም። እንጨቱ ግን ቆሟል። የተከልኩት እኔ ነኝ፣ አልወደቀም።

ሐምሌ 14

መሐንዲሱ መጣ። ወጣት ነው፣ ጥሩ ሰው ነው፤ ጭቃው ላይ ሲራመድ ክንዴን ይዞ ነበር። እንጨቱን ሳያየው አለፈ። መዝገቡን ቆሞ ገለጠ፣ መጋቢትንም ሐምሌንም። አንድም ባዶ የለም።

«እርስዎ ነዎት ያዳኑን» አለኝ። «መዝገቡ ባይኖር ቢሮው ይጠየቅ ነበር። ይኸው፣ ከቀዩ በታች ነው። ማንም ሊያውቅ አይችልም ነበር። የተፈጥሮ አደጋ ነው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሟቹም ሰው ሲወጣ አልወጣም ብሎ ነው አሉ።»

መዝገቡን ተቀብሎ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። አመሰግናለሁ አልኩት። እኔ ነኝ ያመሰገንኩት።

ሐምሌ 17

የምስጋና ደብዳቤ መጣ። ማኅተም አለው። በባለቤቴ የሹራብ ገጾች መሃል አስገባሁትና መልሼ አወጣሁት። እዚያ አይገባም።

ሐምሌ 18

እህቴ መጣች። ከዚያ ቀን ወዲህ አልተነጋገርንም ነበር። አልተቀመጠችም፤ በሩን ተደግፋ ቆመች። ጫማዋ የሰው ነው፣ ሰፍቷታል።

«ደብዳቤ ደረሰህ አሉ።»

ደብዳቤውን ገልብጬ አስቀመጥኩት።

«ከዳቦ ጋጋሪዋ ልጅ ጋር ነው የምኖረው፣ ዱቄቱ ክፍል። በየቀኑ አባቷን ስትረግም እሰማታለሁ። ግትር ነበር ትላለች። ሰው አይሰማም ነበር፣ በገዛ እጁ ሞተ ትላለች። ሰው ለለቅሶ ሲመጣ እንኳ ይህንኑ ነው የምትነግረው። እኔ ደግሞ ዱቄት እየነፋሁ ዝም እላለሁ።»

«ምን ላድርግ?»

«እኔም ነገ ስትል ዝም አልኩህ። በየቤቱ ዞሬ የአንተን ስም ሸፈንኩ። እውነቱን ብነግረው ይወጣ ነበር።» አፏን በሻሿ ጠረገች። «ሰውየውን ገደልነው፣ ጋሼ። ስሙን እንኳ እናትርፍለት።»

ወጣች። ሻይ እንኳ አላፈላሁላትም።

ሐምሌ 7 ጠዋት ከጫማ ሰፊው ጋር ምን እንደተባባልን አላስታውስም ብዬ ጽፌያለሁ። አስታውሳለሁ። ሰሌዳውን አይቶ፣ «እህትህ ትናንት በከንቱ ልታሰድደን ነበር። አሥር ሰንቲ ገና አለን አይደል?» አለኝ። ጠመኔው በእጄ ነበር። አዎ አልኩት። «ግባ ግባ፣ ዳቦህ ይበርድብሃል» አልኩት።

ሐምሌ 19

አንድ ሰዓት ላይ ዳቦ ቤት ሄድኩ። ሰሌዳው ከዚያ ቀን ወዲህ አልተነካም፤ የእኔ 2.90 እንዳለ ነው። በእጅጌዬ ጠረግሁት። አልለቅ ሲለኝ ምራቄን እንትፍ ብዬ ጠረግሁት። ዳቦ የሚጠብቁ አምስት ስድስት ሰዎች ነበሩ። እህቴ ከውስጥ አየችኝና እጇን ከወንፊቱ አነሣች።

ልጅቷ በመስኮቱ ብቅ አለች። ክንዷ እስከ ክርኗ ዱቄት ነው። «ጋሼ፣ ሐይቅ እኮ የለም። ምንድን ነው የምትጽፈው?»

«የዚያን ቀኑን ነው» አልኳት። «አባትሽ የጠየቀኝን።»

ሐምሌ 7 ብዬ ጻፍኩ። ሥሩ 3.04 ጻፍኩ። ጠመኔው ተሰበረና በቁራጩ ጨረስኩት።

ቀኑን አነበበች። ቁጥሩን አነበበች። ቀዩ ስንት ላይ እንደሆነ እዚህ የማያውቅ የለም።

«ተሳስተህ ነው?» አለችኝ።

«አይደለም። ሳነበው አውቅ ነበር። አባትሽ ግትር አልነበረም፤ ጠይቆኝ ነው የወረደው።»

ወረፋው ላይ ያሉት አልተንቀሳቀሱም። እሷ ከመስኮቱ ሄደች፤ የምትመለስ መስሎኝ ጠበቅሁ። ይህን የምጽፈው ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ነው፣ ሰው የት ሄደ ብሎ እንዳይፈልገኝ። ከውስጥ ልቅሶ ይሰማኛል፣ የእህቴም አለበት። ምድጃው ውስጥ ያለው ዳቦ ማረር ጀምሯል፣ የሚያወጣው የለም።